በታኅሣሥ የሚጻፍ ፖስታ

በፎገራ ሜዳ ሠርግ የሚደገሰው ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ከገባ በኋላ ነው። ሩዝ በደርግ ዘመን ሳይመጣ በፊት ያ ረግረግ መሬት የፎገራ ከብት መዋያ ነበር፤ ሩዝ ከለመደ ወዲህ ግን የድግሱም ገንዘብ ከእርሱ ይወጣል። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ዳስ ያልተጣለበት ቀበሌ ማግኘት ይቸግር ነበር። የጥሪው ወረቀት የሚሰናዳው ታኅሣሥ ላይ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ስልክ በየኪሱ ሳይገባ፣ በሜዳው ከተማ በወረታ ጽሕፈቱ ያምራል የተባለ ወጣት ሁሉ በዚያ ወር ይፈለጋል። እኔም ከሚፈለጉት አንዱ ነበርሁ።

አቅም ያለው ባሕር ዳር ወርዶ፣ ከናሙናው መሐል ቀለበት ወይም ርግብ ያለበትን መርጦ ያሳትማል። ሌላው እዚያው ወረታ በስቴንስል ያባዛል። እኔ የምወደው የስቴንስሉን ነው። የጽሕፈት መኪናው ሪባን ይነሣና ፊደሉ ሰም የተቀባውን ወረቀት እየበሳ ያልፋል። ዙሪያውን በሹል ብረት ሐረግ እንስልበታለን፤ ሐረጉን የተማርነው ከቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ነው። እጅ ከጠነከረ ሰሙ ይቀደድና ቀለሙ ይፈስሳል፤ እንደገና መጀመር ነው።

የወረቀቱን መጠን የሚወስነው ሱቅ የሚገኘው ነጭ ፖስታ ነበር። ወረቀቱ ታጥፎ ሲገባ የሙሽሮቹ አባቶች ስም እጥፋቱ ላይ እንዳይውል ቦታውን አስቀድመን እንለካለን። ቃሉንም ሳንተይበው በፊት ጮክ ብለን እናነበዋለን፤ ከተጠሪዎቹ ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩምና ወረቀቱን የሚያነብላቸው ያመጣው ሰው ወይም የሰፈሩ ዲያቆን ነው። አንባቢው መሐል ላይ ትንፋሽ ካጠረው፣ ጥሪው ክብሩን ያጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የፖስታው ፊት ነበር። የድግሱ ቤት ሽማግሌዎችና እናቶች ማታ ተቀምጠው ስም ይቆጥራሉ፣ እኛ እንጽፋለን። መሪጌታውን «አቶ» ብሎ መጥራት ሰውየውን ከሠርጉ ያስቀራል። እማሆይ፣ ቄስ፣ መቶ አለቃ፣ ወይዘሮ፤ ማዕረጉ ሁሉ በቦታው መዋል አለበት፤ ከሥሩም «ከነቤተሰብዎ» ይታከላል። በዚያ ዓመት ሐዘን የገባበትን ቤት ግን በወረቀት አንጠራም ነበር፤ ሽማግሌ ይላካል።

አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ቴምብር ተለጥፎ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይጻፋል። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. ይመሥረት እንጂ፣ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ወዳሉት የሜዳው ቀበሌዎች ደብዳቤ የሚያደርስለት ሰው አልነበረውም። ስለዚህ የአድራሻው ቦታ ላይ መንገዱን በሰው ስም እንጽፈዋለን፤ በእገሌ መምህር በኩል፣ ከዚያ በቄሰ ገበዙ በኩል፣ ለአቶ እገሌ። ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ውኃ ሲያለብሱት እንዲህ ያለ መልእክት አይታሰብም፤ በታኅሣሥና በጥር ግን እግር ያለው ሁሉ ይሻገራል። ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ፖስታውን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ፣ ሳይጨማደድ ያደርሰዋል። አደራ ነውና ተከፍቶ አይነበብም፣ ዋጋም አይጠየቅበትም።

አሁን የጥሪው ካርድ በኮምፒውተር ተሠርቶ በቴሌግራም ይላካል፤ በአንዲት ቅጽበት አሜሪካም ስማዳም ይደርሳል። ፍጥነቱን አልጠላም፤ ባሕር ማዶ ያለችው እኅት በዕለቱ መስማቷ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንዱ ምስል ለሁሉ ሲላክ መሪጌታውም ጎረምሳውም እኩል «ውድ ወዳጃችን» ይባላሉ። ይህ ለአዛውንት ጥሪ አይደለም፣ ወሬ ነው።

ዘንድሮ በወረታም ሆነ በገጠሩ ሠርግ የምትደግሱ፣ ለወጣቱ በስልክ ላኩ። ለአባቶችና ለእናቶች ግን ጥቂት ወረቀት አሳትሙ፤ ማዕረጋቸውን ፖስታው ላይ በእጃችሁ ጻፉ፣ በሚያውቁት ሰው እጅም ላኩላቸው።