ስለ ታናናሽ አውቶሞቢሎች ዋጋና ስለ ቤተ ሰብ ውርስ

ሰው የወደደውን ነገር መሰብሰብ የቆየ ልማዱ ነው። አንዱ ብርሌና ዋንጫ ያከማቻል፤ ሌላው የአባቱን ጦርና ጋሻ በግድግዳው ላይ ይሰቅላል፤ መጽሐፍ ወዳድም ብራናውን በማኅደር አድርጎ ያኖራል። እነዚህን ሰዎች ማንም አይነቅፋቸውም፤ የሚሰበስቡት ዕቃ ክብር በሁሉ ዘንድ አስቀድሞ የታወቀ ነውና። ነገር ግን ጠጕሩ መሸበት የጀመረ ሰው ከመዳፍ የማትበልጥ አውቶሞቢል ገዝቶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲያኖር ያዩት እንደ ሆነ ጎረቤቶቹ ፈገግ ይላሉ፤ ከፈገግታውም በኋላ «ለየትኛው ልጅ ነው?» ብለው ይጠይቁታል።

እኔም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የማገለግልና በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከቤተ ሰቤ ጋራ የምኖር ሰው ስሆን፥ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቀርቦልኛል። ስለዚህ ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ እነዚህ ታናናሽ አውቶሞቢሎች ምን እንደ ሆኑ፥ ዋጋቸውም በምን እንደሚታወቅ፥ ይልቁንም ባለቤታቸው ከዚህ ዓለም በተለየ ጊዜ በቤተ ሰብ መካከል ምን ነገር ሊነሣባቸው እንደሚችል በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ።

በመጀመሪያ፥ መጫወቻና አምሳያ አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። መጫወቻ አውቶሞቢልን ይመስላል፤ አምሳያ ግን በልክ የተሠራ ነው። በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ የታወቀው ልክ አንድ አርባ ሦስተኛ ይባላል። ይህም ማለት በእውነተኛው ላይ 43 ሳንቲ ሜትር የሆነው በአምሳያው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ሁላችን የምናውቃት ላዳ ታክሲ ርዝመትዋ አራት ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በዚህ ልክ ስትሠራ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ትሆናለች። በአንድ አሥራ ስምንተኛ የተሠራች እንደ ሆነ ግን ከሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ትበልጣለች፤ በሮችዋና ኮፈንዋም ይከፈታሉ።

የዚህም ሥራ ታሪክ ረጅም ነው። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ የነበረው የፍራንክ ሆርንቢ ፋብሪካ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1934 ዲንኪ የሚለውን ስም ለታናናሽ አውቶሞቢሎቹ ሰጠ፤ እስከ 1979 ድረስም ሲሠራ ቆይቶ ተዘጋ። በለንደን ደግሞ ሌስኒ የሚባለው ማኅበር በ1947 ተቋቋመ። ከባለቤቶቹ አንዱ የሆነው ጃክ ኦዴል ሴት ልጁ የምትማርበት ትምህርት ቤት በክብሪት ሣጥን ውስጥ ከሚገባ በቀር ሌላ መጫወቻ ይዞ መምጣትን ስለ ከለከለ፥ በዚያ ልክ አንዲት ታናሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት። ማችቦክስ፥ ማለት የክብሪት ሣጥን፥ የተባሉት ታናናሽ አውቶሞቢሎች በ1953 ለገበያ የወጡት ከዚህ የተነሣ ነው። በ1956 ኮርጊ የተባለው ተወዳዳሪ በመስኮቱ ላይ መስታወት መሳይ ነገር አግብቶ መጣ፤ በዘመናችንም በ1995 በጀርመን አገር የተቋቋመው ሲ ኤም ሲ አንዲቱን አምሳያ ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ክፍሎች በእጅ እስከ መገጣጠም ደረሰ።

የእኔ ፍቅር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የጀመረ ነው። በልጅነቴ ከፊደል ቤት ስንወጣ ከሽቦና ከሰርዲን ቆርቆሮ መኪና እንሠራ ነበር፤ ጎማው ቆርኪ ነበረ፤ መሪውም እስከ ደረታችን የሚደርስ ረጅም ሽቦ ነበረ። ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ አንድ መምህር በሒሳብ ፈተና ላገኘሁት ውጤት አንዲት ቀይ ማችቦክስ ሸለመኝ። ከታች ገልብጬ ባየኋት ጊዜ የሠሪው ስምና የተሠራችበት አገር ተጽፎ አገኘሁ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አንድ ብራና የማን እጅ ጽሑፍ እንደ ሆነ ከፊደሉ አጣጣል መለየትን የተማረ ዓይን፥ የአንዱን ፋብሪካ ሥራ ከሌላው ለመለየት አይቸገርም፤ ትምህርቱ አንድ ነውና።

የአገራችንም ታሪክ ከአውቶሞቢል ጋራ ብዙ ተያይዞአል። ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንግሊዛዊው ቤንትሊ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት ባለ ብዙ ክብሩ መኪናቸው ቀርቶ በአንዲት ቮልስዋገን ነው። ከእኛ ክፍለ ከተማ ብዙ የማይርቀው ላንቻ ሰፈርም ስሙ የኢጣልያው የመኪና ፋብሪካ ስም ነው። እንግዲህ የቮልስዋገንን፥ የፊያት 600ን፥ የላዳን አምሳያ በአንድ መደርደሪያ ላይ ላኖረ ሰው፥ በፊቱ የቆመው የከተማችን ታሪክ ነው እንጂ የልጅ ጨዋታ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህማ፥ ዛሬ በጎዳና የምናየው ነገ በአምሳያ ብቻ የሚታይ እንዳይሆን ማን ያውቃል?

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በላፍቶ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ከሠላሳ ዓመት በላይ በሾፌርነት ሠርተው፥ በመጨረሻም በራሳቸው ላዳ ታክሲ ቤታቸውን አስተዳድረው ዐረፉ። በሥራ ዘመናቸው ከእንግዶችና በውጭ አገር ካሉ ዘመዶች ያገኙዋቸውን 38 ታናናሽ አውቶሞቢሎች በአንድ የመስታወት ቁም ሣጥን አኑረው ነበር። ሦስቱ ልጆቻቸው ውርሱን በስምምነት ለመካፈል ሽማግሌዎች ሰብስበው ንብረቱን አስገመቱ። ቤቱ ተገመተ፤ የቤቱ ዕቃ ተገመተ፤ ወደ ቁም ሣጥኑ በተደረሰ ጊዜ ግን «የልጆች መጫወቻ 38፥ እያንዳንዱ 50 ብር፥ ድምር 1,900 ብር» ተብሎ ተጻፈ። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ይደርሰዋል፤ የሚተርፉት ሁለቱ የልጅ ልጆች ይጫወቱባቸው ተባለ።

ባለቤታቸው እትዬ ግን ወረቀቱ ሳይፈረም ወደ እኔ ላኩ። ጉዳዩ በፍርድ ቤት የቀረበ አልነበረም፤ እኔም የተጠራሁት በጉርብትና እንጂ በሥራዬ አልነበረም። ገብቼ ባየሁ ጊዜ ለልጅ ልጆች መጫወቻ ይሁኑ ከተባሉት ከሁለቱ አንደኛው ካርቶኑ ያልተቀደደ፥ ቀለሙ ያልተነካ ዲንኪ ነበረ። ሕፃኑም እጁን ዘርግቶ ይጠብቅ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ቤት እንዳይደርስ፥ ዋጋ የሚታወቅበትን መንገድ በተራ ልጻፍ።

አንደኛ፥ ዕቃውን ገልብጦ ከሥሩ የተጻፈውን ማንበብ ነው። የሠሪው ስም፥ የአገሩ ስም፥ ብዙ ጊዜም የዕቃው ቍጥር በዚያ ይገኛል።

ሁለተኛ፥ ቀለሙ የፋብሪካው መሆኑን መመርመር ነው። በኋላ የተቀባ ቀለም በበሩ ስንጥቅ ውስጥ ይወፍራል፤ በጎማውና በፓራውልቱ ላይም ይረጫል። የታችኛው ወለል የተያዘበት ምስማር ተበስቶ እንደ ሆነ ዕቃው ተፈትቶ ነበር ማለት ነው። አሮጌ ሆኖ ጥቂት የተጫረ ቀለም፥ አዲስ ሆኖ ከሚያበራ የኋላ ቀለም እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ለማሳመር ብሎ መቀባት ዋጋን መቀነስ ነው።

ሦስተኛ፥ ካርቶኑ ነው። ልጆች ካርቶኑን በገዙበት ቀን ቀደው ስለሚጥሉት፥ አውቶሞቢሎቹ ሲተርፉ ካርቶኖቹ አለቁ። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ባዶው ካርቶን እንደ ዕቃው ያህል ይወደዳል፤ የቤት ሠራተኛም ሆነ የቤት እመቤት «ቆሻሻ ነው» ብላ እንዳትጥለው አስቀድሞ መንገር ይገባል።

አራተኛ፥ ብርቅነቱ ነው። አንድ ዓይነት አውቶሞቢል በሺህ የሚቈጠር ተሠርቶ፥ በአንድ ቀለም ወይም በአንድ ነጋዴ ስም የተጻፈበት ጥቂት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከጦርነቱ በፊት የተሠራ አንድ የዲንኪ ዕቃ ጫኝ፥ በጎኑ ላይ የአንድ ነጋዴ ስም ያለበት፥ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2008 በእንግሊዝ አገር በሐራጅ ወደ 20,000 ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ተሽጦአል። ነገር ግን ይህን ሰምቶ አሮጌ ሁሉ ውድ ነው ማለት አይገባም፤ በሚሊዮን የተሠራ ነገር ቢያረጅም ብዙ ነው።

አምስተኛ፥ የብረቱ ጤንነት ነው። እነዚህ ዕቃዎች የሚሠሩት ዋናው ዚንክ ከሆነ ድብልቅ ነው። በድብልቁ ውስጥ እርሳስ ገብቶ እንደ ሆነ ብረቱ በዘመን ብዛት ከውስጡ ይሰነጠቃል፤ ያብጣል፤ በመጨረሻም እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም፤ እርጥበትም ያፋጥነዋል። ስለዚህ በክረምት ግድግዳው በሚያረጥብ ክፍል፥ ወይም ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው መስኮት አጠገብ ማኖር አይገባም።

ስድስተኛና የመጨረሻው፥ ሻጭ የሚጠራው ዋጋና ገዢ የከፈለው ዋጋ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ማወቅ ነው። በፍርድ ቤት እንደምናየው፥ ሰው ሁሉ ስለ ራሱ ንብረት ሲናገር ከፍ አድርጎ፥ ለባልንጀራው ሲከፍል ዝቅ አድርጎ ይገምታል። የሚታመነው በእውነት የተሸጠበት ዋጋ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ሠላሳ ስምንቱን ስንመረምር፥ ሃያ አራቱ በየሱቁ የሚገኙ ተራ ነበሩ፤ ዘጠኙ መካከለኛ ነበሩ፤ አራቱ ባለ ካርቶን ነበሩ፤ እነዚህም አራቱ ብቻቸውን ከቀሩት ሁሉ ድምር ይበልጡ ነበር። ሠላሳ ስምንተኛዋ ግን ሶቭየት ኅብረት በነበረ ጊዜ በሳራቶቭ ከተማ የተሠራች አንዲት ላዳ ነበረች። እርስዋንም አዛውንቱ በእጃቸው ከታች ሰማያዊ፥ ከላይ ነጭ ቀብተዋት፥ ከቀጭን ሽቦም ፖርቶመጋላ ሠርተውላት ነበር። ዳር ዳርዋን ያበላሸው ብሩሽ ይታይ ነበር።

ስለ አራቱ ባለ ካርቶኖች ሦስቱ ልጆች በአንድ ሰዓት ተስማሙ፤ አንድ አንድ ወሰዱ፤ የዋጋው ልዩነትም በገንዘብ ተካካሰ፤ አራተኛው ተሽጦ ለልጅ ልጆቹ ትምህርት እንዲውል ተወሰነ። ወደ ላዳዋ በመጡ ጊዜ ግን ሦስቱም አልለቅም አሉ። ታላቂቱ «አባቴ የቀባት በእኔ ብሩሽ ነው» አለች፤ መካከለኛው «በእርስዋ አጠገብ ተቀምጬ ታክሲው ላይ ረዳት ነበርሁ» አለ፤ ታናሹም ምንም ሳይናገር በእጁ ይዞ ቆመ። ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። ሕጉ መካፈል በማይቻል ዕቃ ላይ ወራሾች ካልተስማሙ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈል የሚል መሆኑን ሁሉም ያውቁታል፤ ነገር ግን ይህችን ማን ይገዛል?

በዚያን ጊዜ እናታቸው ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፥ የዚችን ዋጋ ጻፍልኝ» አሉኝ። እኔም ስለ ቀለም የተናገርሁትን ስለማልሽር «በገበያ ዋጋ የላትም» ብዬ ጻፍሁ። እትዬም ወረቀቱን ተቀብለው ካስነበቡ በኋላ «እንግዲያው ዋጋ የሌለውን ነገር ለሦስት መክፈል አይቻልም፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከእኔ ዘንድ ትቀመጥ» አሉ። ታናሹ ልጅ መኪናይቱን በእናቱ እጅ አኖረ፤ ከዚህ በኋላ ማንም አልተናገረም። ወረቀቱም ተፈረመ።

እኔ ይህን ካየሁ ወዲህ ለራሴ 27 አውቶሞቢሎች መዝገብ አበጀሁ። በመዝገቡ ላይ የሠሪው ስም፥ ልኩ፥ የገዛሁበት ቀንና ዋጋ፥ የካርቶኑ ሁኔታ፥ በመጨረሻም «ከማን ተገኘ» የሚል ዐምድ አለ። ባለቤቴም የልጆች ትምህርትና የወሩ ቀለብ ሳይቈጠር አንድም እንዳይገዛ የሚል ቃል በመጀመሪያው ገጽ ጽፋበታለች፤ እኔም ፈርሜበታለሁ።

የገንዘቡን ዐምድ ገበያ በየጊዜው ይለውጠዋል፤ ያወቀ ሰውም ከእኛ በኋላ መጥቶ ሊሞላው ይችላል። «ከማን ተገኘ» የሚለውን ዐምድ ግን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይሞላውም። ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፥ የምትሰበስቡት አውቶሞቢል ቢሆን፥ መጽሐፍ ቢሆን፥ ጋሻም ቢሆን፥ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ የእያንዳንዱን ነገር ዛሬ ንገሩአቸው፤ ጻፉትም። ዋጋ ያለውን ባለማወቅ እንዳይጥሉት፥ ዋጋ በሌለውም ነገር በፍርድ ቤት ደጃፍ እንዳይቆሙ ይረዳቸዋል።