ስሙ የማይነገር ሆቴል

ማክሰኞ ማታ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከኋላዬ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አላወቅኩትም፤ ጢሙን አሳድጓል። ስሙን ሲነግረኝ ግን የሚቀመጥበት ወንበር ሳይቀር ትዝ አለኝ። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ፣ ጂኦሜትሪ የሚወድ፣ አልጀብራ ሲባል የሚያመው። አሁን ሾላ ገበያ ከእናቱ ጋር ልብስ ይሸጣል። በሚቀጥለው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሊሄድ ነው።

የመገናኛን ሰልፍ ታውቁታላችሁ፣ ለወሬ በቂ ጊዜ ይሰጣል። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ባለ 4 ኮከብ ሆቴል፣ ዱባይ፣ መዋኛ ያለው፣ 45 በመቶ ቅናሽ። የሆቴሉ ስም ግን የለም።

«ስሙ ከከፈልክ በኋላ ይነገርሃል ነው የሚለው። ሌቦች ናቸው እንዴ ቲቸር?»

«አይ፣ ሌቦች እንኳን አይደሉም…» ብዬ ማስረዳት ስጀምር ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» አለና ልጁ ዘሎ ገባ። በመስኮት «ማታ እጽፍልሃለሁ» አልኩት። መጻፍ ስጀምር ረዘመብኝ። ከእናንተም የሚጓዝ ስለማይጠፋ እዚሁ ልለጥፈው ብያለሁ።

ነገሩ ከዚያው ከረዳቱ ጩኸት ይጀምራል። ታክሲው አንድ ወንበር ባዶ ይዞ ከሄደ የዚያ ወንበር ገንዘብ ቀልጦ ቀረ፤ ነገ ተመልሶ አይሸጥም። የሆቴል ክፍልም እንደዚያው ነው። ዛሬ ማታ ባዶ ያደረ አልጋ ለነገ አይቀመጥም። ስለዚህ ባለ ሆቴሉ ባዶ ከሚያድር በግማሽ ዋጋ ቢሸጠው ይመርጣል። ችግሩ፣ ግማሽ ዋጋውን በአደባባይ ከለጠፈ ሙሉውን ሊከፍል የነበረውም ሰው በግማሹ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ሠራተኞቹን እዚያ የሚያሳርፈው ድርጅትም «ለኛስ?» ብሎ ይመጣል። እና ምን ያደርጋል? ዋጋውን አውጥቶ ስሙን ይደብቃል። ሾላ ነጋዴ «በዚህ ዋጋ እንደሰጠሁህ ለማንም እንዳትናገር» የሚለው ለዚህ አይደል? ልዩነቱ፣ ሾላ ላይ ጨርቁን ዳስሰህ ነው የምትከፍለው።

አሜሪካኖቹ ይህንን በኢንተርኔት የጀመሩት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ፕራይስላይን የሚባለው ኩባንያ መጀመሪያ በአውሮፕላን ቲኬት፣ ቀጥሎ በሆቴል «ዋጋውን አንተ ጥራ» ብሎ ተነሣ። አንተ አካባቢውንና ኮከቡን መርጠህ ዋጋ ትጠራለህ፣ የካርድ ቁጥርህን ትሰጣለህ። በዋጋው የተስማማ ሆቴል ካለ ገንዘብህ ያኔውኑ ይቆረጣል፣ ስሙም ያኔ ይወጣል። «ይሄንን አልፈልግም» ማለት የለም። ሆትዋየር የሚባለው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ዋጋውን ራሱ ይጠራልሃል፣ ምስጢሩ ግን ያው ነው። የዋጋ መጥራቱ ነገር አሁን ቀርቷል፤ ስም መደበቁ ግን እነሆ ሾላ ገበያ ድረስ ደርሷል።

እኔ ይህንን ሁሉ የማውቀው አንብቤ አይደለም። ደርሶብኝ ነው።

ጥቅምት 2009 ዓ.ም. ለሂሳብ መምህራን ሥልጠና ዋሽንግተን ሄጄ ነበር። ጋባዦቹ የከፈሉት እስከ ሥልጠናው መጨረሻ ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ያሉ ተማሪዎቼን ሳላይ ልመለስ አልፈለግኩም፣ ሁለት ሌሊት ጨመርኩ። ያን ጊዜ አሌክሳንድሪያ የምትኖር አንዲት ተማሪዬ ነበረች። ካስተማርኳቸው ሁሉ ጎበዟ ናት ብል ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ። «ቲቸር፣ ቤቴ ይርቅብዎታል፣ የሆቴሉን ነገር ለኔ ይተዉት» አለችኝ። ሁለት ቀን ቆይታ በስልክ እየሳቀች «ባስተማሩኝ ሂሳብ ነው ያገኘሁት» አለች።

እውነቷን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ዋጋ ጠርተህ ካልተሳካልህ ለዚያው አካባቢና ለዚያው ኮከብ እንደገና ለመጥራት 24 ሰዓት መጠበቅ አለብህ፤ ወይ አንድ ነገር መቀየር። እንበልና ቦሌ ባለ 4 ኮከብ በ60 ዶላር ጠራህ፣ እምቢ አሉ። አሁን የካ አባዶን ጨምር። የካ አባዶ ባለ 4 ኮከብ ሆቴል ከሌለው መጨመሩ ምንም አያመጣብህም፣ ድረ ገጹ ግን አዲስ ጥሪ ነው ብሎ ይቀበልሃል። ስለዚህ ለቦሌው በ65 እንደገና ትጠራለህ። ልጅቷ በየአካባቢው የትኛው የኮከብ ደረጃ እንደሌለ ዘርዝራ አውጥታ፣ በትንሽ በትንሹ እየጨመረች፣ በአደባባይ 210 ዶላር የሚባለውን ክፍል በ75 አገኘችው። ክሪስታል ሲቲ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ባቡሩ አጠገቡ። ሙሉ ነጥብ ነው የሚሰጣት።

የሆቴሉን ስም አልጽፍም፣ ጥፋቱም የብቻው አልነበረም።

ያን ቀን ማታ ሌሎቹ ተማሪዎቼ እራት ጋበዙኝ። እሷ «የማታ ክፍል አለኝ» ብላ ቀረች። እናቷን እዚህ ሰፈር ሁላችንም እናውቃቸዋለን፣ «ልጄ ማስተርሷን እየሠራች ነው» ይሉናል፤ ስለዚህ ነገሩ አልገረመኝም። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ልጆቹ ሆቴሉ በር አውርደውኝ ሄዱ።

ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ፓስፖርቴን ደገመች። ተማሪዬ የመዘገበችኝ በሰሌዳ ላይ እንደምታውቀኝ፣ በስሜና በአባቴ ስም ነው። ፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተጻፈው ግን የአያቴ ስም ነው። እነሱ ጋ ደግሞ ትልቁ ነገር ያ ቦታ ነው። ለሪሴፕሽኗ ልጅ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። ስሙ ይስተካከል እንዳይባል፣ በዚያ ዓይነት ቅናሽ የተገዛ ክፍል ስም አይቀየርም፣ አይሰረዝም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ተብሎ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ስናገር የኖርኩ ሰው፣ እዚያ በእንግሊዝኛ ስለ አያቴ ማስረዳት አቃተኝ።

ደግነቱ በር ላይ መኪና ተቀብሎ የሚያቆመው ሰው ሐበሻ ነበር። ገና ሲያየኝ ለይቶኛል። «ከየት ነዎት አባቴ?»

«ከመገናኛ።»

«መገናኛ የት ጋ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ሰዓት ሲጠየቅ እንዴት ደስ እንደሚል! ወደ የካ ሚካኤል መውጫ አልኩት፣ እሱ ደግሞ የኮተቤ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ለልጅቷ አስረዳልኝ። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፣ ይሄ ስሙ ነው፣ ይሄ አባቱ፣ ይሄ አያቱ፣ ያንቺ ወረቀት ላይ ያሉት ሁለቱም ፓስፖርቱ ላይ አሉ፣ እይ። አየችና አመነች።

«እሺ፣ አሁን ክሬዲት ካርድ» አለች።

ተከፍሏል አልኩ። የክፍሉ ነው የተከፈለው፤ ካርዱ ክፍል ውስጥ ለሚጠጣው፣ ለሚሰበረው፣ ምናልባት ለሚባለው ሁሉ መያዣ ነው። ካርድ የለኝም፤ ጥሬ ዶላር አለኝ አልኩ። ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም። ያ የኮተቤ ልጅ «የኔን ካርድ ልስጥ» ብሎ ነበር፤ ለሠራተኛ ክልክል ነው አሉት።

ለተማሪዬ ደወልኩ። ሳልፈልግ ነው የደወልኩት፣ ክፍል ላይ ናት ብዬ። በሹክሹክታ አነጋገረችኝና «መጣሁ» አለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ያ የሚሽከረከር በር ዞሮ ገባች። ሐምራዊ የሥራ ልብስ ለብሳለች፣ ደረቷ ላይ ስሟ ተንጠልጥሏል፣ እግሯ ላይ ነጭ የጎማ ጫማ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ነበረች፤ ጓደኛዋን ለምና ቦታዋ ላይ አቁማ ነው የመጣችው። ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማስተርሱንም ካቋረጠችው ዓመት አልፎት ነበር።

ካርዷን አውጥታ ሰጠች። ፈረመች። እኔ ምን እንደምል አላውቅም። ከቤት የመጣ ዳቦ ቆሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አውጥቼ ሰጠኋት። ስትቀበለኝ በሁለት እጇ ነው፤ ክፍል ውስጥ የፈተና ወረቀት ስትቀበል እንደምታደርገው።

«ቲቸር፣ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ» ብላ ሮጠች።

ክፍሉ በጣም ጥሩ ነበር። አልጋው ለአራት ሰው ይበቃል። መስኮቱን ብትከፍቱት አውሮፕላን ሲያርፍ ይታያል። በበነጋታው ቁርስ ስጠይቅ ለብቻው ይከፈላል አሉኝ። ይኸውላችሁ፣ እዚያ አገር መንገድ ዳር ያለው ርካሽ ሞቴል ብዙውን ጊዜ ቁርስ በነፃ ይሰጣል፣ ባለ 4 ኮከቡ ያስከፍላል። ዳቦ ቆሎውን ባልሰጠኋት ኖሮ ብዬ አሰብኩ፣ ራሴን ታዘብኩት።

ቀሪውን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ለጥምቀት መጥታ፣ ጥር 12 የካ ሚካኤልን ካስገባን በኋላ ወደ እንጦጦ በኩል በእግራችን ወጣ አልን። ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ እሷ ነገረችኝ። ያ የሰጠችው ካርድ ክሬዲት ሳይሆን ዴቢት ነበር። ልዩነቱን ያኔ አላውቅም። በክሬዲት ካርድ ሲሆን መያዣው የባንኩ ብድር ላይ ይቀመጣል፤ በዴቢት ሲሆን ግን ከራስህ ሂሳብ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ነው የሚያስሩት። እኔ ከሆቴሉ ከወጣሁ በኋላም ባንኩ እስኪለቀው ቀናት ይወስዳል። 150 ዶላሯ ታስሮ የቤት ኪራይ ቀን ደረሰባት። ተበደረች። ቤቷ «ይርቅብዎታል» ያለችኝም ርቆ አልነበረም፤ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ነበር የምትኖረው፣ አንዷ ስትሠራ አንዷ ትተኛለች። ቲቸሯን የት ታሳድረው?

«ታዲያ ለምን ባለ 4 ኮከብ?» አልኳት። ባለ 2 ኮከብ ቢሆን ይበቃኝ ነበር።

«ባለ 2 ኮከቡ 70 ነበር፤ በ5 ዶላር ልዩነት እርስዎን እዚያ ላሳድር?»

ሂሳቡ ልክ ነው። እዚህ ላይ ብዙም አልናገር።

አንተ የሾላው ልጅ፣ እስካሁን ካነበብክልኝ። እኔ ብሆን ዱባይ ላይ አልገዛውም፣ ምክንያቴም ሌብነት አይደለም። አንተ የምትሄደው ለመዋኘት አይደለም፣ ዕቃ ልትገዛ ነው። ገበያህ ዴይራ ነው፣ ናይፍ አካባቢ። ድረ ገጹ ላይ «ዱባይ» ወይም «የከተማው መሐል» የሚለው ክብ የት ድረስ እንደሚደርስ በካርታ እየው፤ ሥራህ መርካቶ ሆኖ ሲኤምሲ ጫፍ ብታድር በሆቴሉ ያተረፍከውን ታክሲ ይበላዋል። ቪዛህ ገና አልወጣም ብለኸኛል፣ ቪዛው አንድ ሳምንት ቢዘገይ የሆቴሉ ገንዘብ አለቀለት ማለት ነው። ካርዱስ የማን ነው? ያክስትህ ልጅ ከውጭ ሊከፍልልህ ከሆነ፣ ሆቴሉ የከፈለበትን ካርድ አሳየኝ ቢልህ ምን ትለዋለህ? አሁን እንኳ ባንኮቻችን ለተጓዥ የውጭ አገር ካርድ ይሰጣሉ፣ በራስህ ስም አውጣ፤ ለመያዣውም የሚሆን ገንዘብ ይኑርበት። ዱባይ ደግሞ የቱሪዝም ድርሃም የሚባል አለ፣ በየሌሊቱ እንደ ሆቴሉ ደረጃ የሚከፈል፣ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ከከፈልከው ውጭ እዚያው ስትደርስ የሚጠየቅ። እናትህ ጋር ስታሰሉ እሱንም ደምሩ።

ስምህን ደግሞ፣ አደራ፣ ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል እያየህ አስገባ። የአያትህንም ጭምር።

ብቻህን ከሆንክ፣ ቀንህ የተቆረጠ ከሆነ፣ ካርዱ ያንተ ከሆነ፣ ከተማው ውስጥ የትም ብትጥልህ ግድ ከሌለህ፣ ያኔ ግዛው፤ ያተርፍሃል። እኔ ራሴ ከዚያ በኋላ ናይሮቢ ላይ አንዴ ሞክሬዋለሁ፣ ተመችቶኛል። ቁርስም ነበረው።

ተማሪዬ ደህና ናት። ትምህርቷን ጨርሳለች፣ አሁን ነርስ ናት። ይህንን ከመለጠፌ በፊት ላኩላትና ይሁን ትበል አልኩ። አንብባ ስትጨርስ ሁለት ስህተት አረመችልኝ፣ ዋጋው 75 ሳይሆን 74 ነበር አለች፣ ጫማዬም ነጭ አልነበረም አለች። ከዚያ በድምፅ መልእክት ላከችልኝ፦

«ይለጥፉት ቲቸር። ስሜን ብቻ እንዳይጽፉት፤ እማዬ ፌስቡክ ከፍታለች።»