«ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያሰቅለው»

የዋልዳ ስደተኛ ካምፕ ልጆች፣ ቲቪው ዛሬ ተሰቀለ። አዎ፣ ምድጃው አናት ላይ። የኔንና የባለቤቴን ክርክር ስትከታተሉ ስለከረማችሁ ማን እንዳሸነፈ መንገር አያስፈልገኝም።

ሊሰቅል የመጣው ልጅ ጨዋ ነው። «ጋሼ፣ ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያሰቅለው» አለኝ። ሁሉም ሰው አንገት የለውም ማለት ነው? ሜትር አውጥቼ ለካሁለት። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለሉ አንድ ሜትር ከምናምን ላይ ነው። የምድጃችን መደርደሪያ 1 ሜትር ከ40 ነው። የ65 ኢንች ቲቪ ቁመቱ 81 ሳንቲም ነው፤ ከመደርደሪያው 10 ሳንቲም ከፍ ሲደረግ መሃሉ 1 ሜትር ከ90 ላይ ይውላል። ቆሜ እንኳ ከአናቴ በላይ ነው! ቀበሌ አዳራሽ ቲቪ አይቶ ያደገ ሰው ማንጋጠጥ አይከብደውም ትሉኝ ይሆናል። ያኔ የሚታዩት ጓድ ሊቀመንበር ነበሩ፣ ግዴታ ነው። አሁን ለአርሰናል ብዬ ላንጋጥ?

ሙቀቱስ? አብዛኛው ቲቪ መመሪያው ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ አትጠቀሙበት ይላል። የምድጃ ሙቀት ደግሞ ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ መደርደሪያው ትንሽ ወደ ፊት ይገፋዋል እንጂ አያስቀረውም። ልጁ ይህን አላጣውም። «ጋሼ፣ አታብሩታ!» አለኝ።

አታብሩታ! በዴንቨር ብርድ! ይህን ቤት እኮ ከሌላው አስበልጬ የወደድኩት በምድጃው ነው።

ስለ እሳት ከተነሳ አይቀር፣ ሰሞኑን አንዱ ግሩፓችን ላይ «ዋልዳ እያለን ፍቅር ነበር፣ አንድ እሳት ከበን እናመሽ ነበር» ብሎ ጻፈ፤ እናንተም ልብ አዘነባችሁበት። ወንድሜ፣ አንድ እሳት የከበብነው ለሁለተኛው እንጨት ስላልነበረ ነው። በቆሎ ይሰፈርልን ነበር፤ ማብሰያ እንጨቱ ግን የራሳችን ዕዳ ነው። ደረቅ በቆሎ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። ከግንቦት 1983 በኋላ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የተሻገረው ሕዝብ፣ ወታደሩም ተማሪውም ባለ ልጇም፣ እዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ ሲሰፍር የአካባቢው ግራር ሊበቃው ኖሯል? ቦረናው ቢቆጣ አልፈርድበትም። ለኛ ማገዶ የሆነው ዛፍ ለሱ የከብቱ ጥላና የፍየሉ መኖ ነበር።

ደግሞስ እንጨቱን ማን ነበር የሚያመጣው? እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ቅርቡ ሲያልቅ ራቅ ወዳለው፣ እሱም ሲያልቅ የበለጠ ወደሚርቀው። እዚያ መንገድ ላይ ምን እንደሚያጋጥማቸው የነበረ ያውቃል፤ እዚህ አልጽፈውም። ማታ እሳቱን ከበን ስንጫወት አብዛኞቹ ደክሟቸው ተኝተው ነበር። ስለዚህ ፍቅር ነበር የምትሉኝ፣ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁልኝ።

እሺ፣ ተናደድኩ። ወደ ቲቪው።

ልጄ አዲሱን ቲቪ ሲሞክር መጀመሪያ የከፈተው ምን ይመስላችኋል? የሚነድ እንጨት! ዩቲዩብ ላይ ሰዓታት ሙሉ የሚንቦገቦግ እሳት። ከታች እውነተኛው ምድጃ እንዳይበራ ተከልክሎ፣ ከላይ ሥዕሉ ይነዳል። «አባዬ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነገር ነው» ብሎ አስተማረኝ። ደብልዩፒክስ የሚባል የኒውዮርክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1966 የገና ዋዜማ ነው አሉ የጀመረው፤ ምድጃ ለሌላቸው ባለ አፓርታማዎች ታስቦ። ምድጃ ለሌላቸው!

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቀና ብላ ስታየው ቆየችና «ይሄ እንጨት አያልቅም እንዴ?» አለች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅኩም።

ለማንኛውም ቲቪውን ስትፈልግ ወደ ታች የሚጎተት፣ ሲበቃህ ወደ ላይ የሚመለስ መስቀያ አለ ይባላል። ያገለገለ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይንገረኝ። ባለቤቴም እዚህ ገጽ ላይ ስላለች ኮሜንት ላይ ዋጋ እንዳትጽፉ።