ክኒኑን የደበቅሁ ለት

የልጅ ልጄን የሚጥል በሽታ የጀመረው በሰባት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ መካነ ብርሃን። ፀበሉንም አላስቀረንም፤ ከጤና ጣቢያም ፌኖባርቢታል የሚባል ክኒን ታዘዘለት። መውደቁ ቀረ። ግን ያ ጭምት ልጅ ቁጡና ቅብጥብጥ ሆነብኝ፤ መምህሩም ከሰሰው። መጀመሪያ ገረፍኩት። ኋላ «ክኒኑ ነው የለወጠብኝ» ብዬ፣ ለማንም ሳልነግር ደበቅሁት። በሦስተኛው ቀን ምድጃ አጠገብ ጣለው፤ እጁ ተቃጠለ።

ነርሷ አልተቆጣችኝም። «እማማ፣ ጥርጣሬዎስ ልክ ነበር፤ ጥፋቱ ሳይነግሩን ማቆምዎ ነው» አለችኝ።

አንጎላችን ውስጥ ተቀባይ የሚባሉ፣ እንደ ጓጉንቸር ያሉ ነገሮች አሉ። ጋባ የተባለው የሰውነታችን ንጥረ ነገር ቁልፋቸው ነው፤ ሲገጥም ሕዋሱ ይረጋጋል። ፌኖባርቢታል ይህ እርጋታ እንዲረዝም ያግዛል። በድንገት ሲቋረጥ ግን አንጎል ልጓም እንዳጣ ፈረስ ይሆናል። አንዳንድ ሕፃናትን ደግሞ ያው መድኃኒት ያቅበጠብጣቸዋል። ስድ ሆነው አይደለም።

ክኒኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ ያለ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። በጎንደር እነ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ሕክምናው በነርሶች በኩል ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ እንዲወርድ ደክመዋል። እኔ ግን ደጄ የመጣውን ደበቅሁ።

በደባርቅ በኩል ጎንደር ወሰድነው፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ በሌላ መድኃኒት ለወጠለት። ጭምትነቱ ተመልሷል። ጠባሳው ግን እጁ ላይ አለ። እንጀራ ሲቆርስ ባየሁት ቁጥር ያ አለንጋ ትዝ ይለኛል።

አያቶች፣ የልጁ ጠባይ ሲለወጥ ከመግረፍም ከመደበቅም በፊት ጠይቁ።