ቱናና ስልጆ

የቆርቆሮ ዓሣ በአገራችን የሚበላበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጣዕሙ ግን ከምክንያቶቹ መካከል አይቆጠርም። ተማሪ ምጣድ ስለሌለው ይበላዋል። ላጤ ሽንኩርት ማቁላላት ሲሰለቸው ይበላዋል። መንገደኛ ሻንጣው ውስጥ ስለማይፈስና ስለማይበላሽ ይይዘዋል። የጾም ወራት ሲገባ ደግሞ የከተማው ካፌ «ቱና ሳንድዊች አለ» የሚል ወረቀት መስተዋቱ ላይ ይለጥፍና፣ በሁለት ቁራሽ ዳቦ መካከል ደረቅ የዓሣ ፍርፋሪ፣ አንዲት የሰላጣ ቅጠልና የደከመች ቲማቲም አስቀምጦ ያቀርባል። በላተኛው ይበላል፤ ውኃ ይጠጣል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ጣፈጠህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ እሱም ይጣፍጠኛል ብሎ አልገባም።

መቼም እኔም በዚህ ጉዳይ ላይ ይህን ያህል ቀለም የማጠፋ ሰው አልነበርኩም። ነገሩ የመጣው በአክስቴ በኩል ነው።

አክስቴ የሚኖሩት አምባ ጊዮርጊስ ነው። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ ዳገቱን ወጥቶ የሚያገኛት የወገራ ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ 3000 ሜትር ስለሚጠጋ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ድንቹና ነጭ ሽንኩርቱ ይወደዋል፤ ሰው ግን ጋቢውን ደርቦ ነው የሚችለው። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 90 ግድም ላይ ነው። ስለዚህ ባቄላው ቶሎ አይበስልም፤ እንጨቱ ግን ቶሎ ያልቃል። የቆርቆሮ ምግብ ለእንዲህ ያለ አገር ታስቦ የተሠራ ይመስላል፤ በስሎ ስለሚመጣ እሳት አይጠይቅም። አንድ ደርዘን ቱና ይዤ የሄድኩት ይህንንም አስቤ ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። አክስቴ ከረዥም ሕመም ተነሥተው እህል እንቢ ብሏቸው ሰንብቷል። መቀነታቸው ወገባቸው ላይ አንድ ዙር ጨምሯል። ሐኪሙ ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ ይብሉ ብሎ አዝዟል። ለሥጋው ጥርስ የለም። የዕንቁላሉ ሽታ አስጠላቸው። ወተቱ ሆዳቸውን ነፋው። የቀረው ዓሣ ነው። የጣና ዓሣ፣ ቆሮሶውም አምባዛውም፣ ጎንደር ከተማ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያን ዳገት ሳይበላሽ ይወጣል ብሎ የሚተማመን ግን እምብዛም ነው።

ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ከዚያ በኋላ የሰኔ ጾም ይገባል፤ አክስቴ ደግሞ ጾም ከያዙ የሚያስፈታቸው ኃይል የለም። እኔ ስደርስ ከሃምሳው ቀን 20ው አልፎ ነበር። በቀረው ጊዜ ውስጥ እኒህን ሴት ወደ ገበታ መመለስ ነበረብን።

የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ከፍቼ፣ ዘይቱን አጥልዬ ከፉርኖ ዳቦ ጋር አቀረብኩላቸው። አንድ ጊዜ ጎረሱ። አላመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና አላመጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ጨው የነካው ጥጥ ነው» አሉ።

«ዓሣ ነው እኮ አክስቴ። ከባሕር የወጣ።»

«ዓሣማ በልቼ አውቃለሁ። ይኼ ጥጥ ነው።»

ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከምግብ ሊቅም አይገኝም። ቱና ሁለት ጊዜ የበሰለ ሥጋ ነው። ፋብሪካው በመጀመሪያ ዓሣውን በእንፋሎት ይቀቅለዋል፤ ቆዳውና አጥንቱ እንዲላቀቅ ነው። በዚህ ጊዜ ጭማቂውና ስቡ ይፈስሳል። ሥጋው ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ዘይት ወይም የጨው ውኃ ከተጨመረበትና ከታሸገ በኋላ፣ ተሕዋስያኑ እንዲሞቱ እንደገና በኃይለኛ ሙቀት ይቀቀላል። ይህን ሁሉ ያየ ሥጋ ጥጥ ቢመስል አይፈረድበትም።

ለነገሩ አሜሪካኖቹም ወደ ቱና የሄዱት ሌላ ዓሣ ጠፍቶባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳርዲን በጠፋ ጊዜ፣ አልበርት ሃልፍሂል የሚባል የሳን ፔድሮ ወደብ የሳርዲን ነጋዴ ባዶ የቀሩትን ቆርቆሮዎች ቱና ሞላባቸው። ሥጋው በእንፋሎት ሲበስል ነጥቶ ዶሮ መሰለ፤ ገበያውንም ያገኘው በዚሁ መልኩ ነው። ቀጥሎ ማዮኔዝ ተለወሰበትና የሳንድዊች መሙያ ሆነ። ማዮኔዙ ለጌጥ የገባ አይደለም። ዘይቱ የፈሰሰውን ስብ ይተካል፤ ኮምጣጤው ምራቅ ይጠራል። እንግዲህ ቱናን ማጣፈጥ ማለት ፋብሪካው የወሰደበትን መመለስ ነው፤ ስብ፣ ኮምጣጣ ነገር፣ የሚያቃጥል ነገር።

ማዮኔዝ ግን በዕንቁላል ይሠራል፤ ከአክስቴ ቤት ገና በደጅ ይመለሳል። ደግነቱ ያለ ማዮኔዝ ቱና የሚያውቁ ሕዝቦች አሉ። ጣልያኖች ከነጭ ቦሎቄ፣ ከጥሬ ቀይ ሽንኩርትና ከወይራ ዘይት ጋር ይለውሱታል። ቱኒዝያውያን ዳቦውን ሰንጥቀው ሃሪሳ የሚሉትን የበርበሬ ድልህ ይቀቡና ቱናውን ከድንችና ከወይራ ፍሬ ጋር ይጨምሩበታል። የእኛ አዋዜ ታናሽ ወንድም ነው በሉት። ጣልያን ጎንደርን ይዞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ሲቀመጥ የፉርኖ ዳቦውን ስምና ፓስታውን ትቶልን ሄደ፤ ዓሣና ቦሎቄ የማጋባቱን ብልሃት ግን ይዞት የሄደ ይመስለኛል።

ይህን እያወጣሁና እያወረድኩ ሳለሁ ዓይኔ ጓዳው ጥግ በጨርቅ ከታሰረች ማሰሮ ላይ ዐረፈ። ከዐቢይ ጾም የተረፈ ስልጆ ነው።

ስልጆን የረሳ የከተማ ሰው አይጠፋምና ላስታውሰው። ሱፍ ተወቅጦ በውኃ ተበጥብጦ ይጠለላል፤ እንደ ወተት የነጣ ውኃ ይወጣዋል። በዚህ ውኃ የባቄላ ዱቄት እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል። ከበረደ በኋላ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሌላም ቅመም ገብቶበት ጥቂት ቀን ታስሮ ይቀመጣል፤ ይፈላል፤ ይኮመጥጣል። ሳይቦካ ወዲያው ሲበላ የሚቀርበው ዘመዱ እልበት ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሱፉ ስብ ነው፣ ባቄላው ውፍረት ነው፣ መቡካቱ ኮምጣጣነት ነው፣ ሰናፍጩ ደግሞ አፍንጫ ድረስ ወጥቶ የተኛውን ይቀሰቅሳል። ከማዮኔዝ የምንፈልገው ሁሉ በዚያች ማሰሮ ውስጥ ተቀምጧል። ዕንቁላል የለበትም፤ ከውጭ አገር አይመጣም፤ አክስቴም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። እህል እንቢ ላለው ሰው ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። የታመመ ሰው አፍ እንግዳ አይወድም፤ እንግዳው ቱና መግባት የሚችለው የቤቱን ሰው ተከትሎ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቱናው ከዘይቱ ወይም ከጨው ውኃው በደንብ ይጠለላል፤ በማንኪያ ጫን እያሉ ማንጠፍጠፍ ነው፣ ምክንያቱም የቀረችው ጠብታ ሁሉ ስልጆውን ታቀጥነዋለች። ከዚያ በሹካ ይፈረካከሳል እንጂ አይላቆጥም፤ ቅርጹ ካልቀረ የሕፃን ገንፎ ይሆናል። ቀይ ሽንኩርት እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይከተፍና በጨው ይታሻል፤ ጥቂት ቆይቶ ታጥቦ ይጨመቅና ሎሚ ይንጠባጠብበታል። ጥሬ ሽንኩርት እንዲሁ ከገባ ሌላውን ሁሉ ይጮህበታል። የወገራ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬውን ለደካማ ሆድ ስለሚከብድ፣ ሁለት ፍሬ ከነልጣጩ ረመጥ ውስጥ ቀበርኩት። ሲወጣ እንደ ቅቤ ለስልሶ በጣት ይጨመቃል። አንድ ቃሪያ፣ ፍሬው ወጥቶ በደቃቁ ተከትፎ። ለአንድ ቆርቆሮ ዓሣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስልጆ ይበቃል። ስልጆው እሳት አይንካው፤ የሰናፍጭ ኃይሉ ተን ነው፣ ሙቀት ሲያገኘው ይጠፋል። ተለውሶ ግማሽ ሰዓት ተከድኖ ቢቀመጥ ዓሣው ይጠጣዋል።

ቲማቲም አልጨመርኩም፤ አልጨምርምም። ቲማቲም ሳንድዊች ውስጥ የሚገባው ለቀለሙ ነው፤ ውኃውን ዳቦው ላይ ለቅቆ ሁሉንም ያበላሸዋል። ደስ የሚለው ሰው ለብቻው ይብላው።

ዳቦውን በተመለከተ አንድ ነገር አለ። ፉርኖው ይሰነጠቅና የውስጥ ፊቱ ብቻ የጋለ ምጣድ ላይ ይደፋል። ውስጡ ስስ ቅርፊት ያበጅና ማባያውን ይይዛል፤ ጀርባው ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጥርስ ላለው ሰው ድፎ ዳቦ ይሻላል፤ ጠንከር ያለ ነው፣ ኮባው ወይም ቅጠሉ የሰጠው መዓዛም አለው። ስልጆ የሌለው ሰው አዋዜን በሎሚ አቅጥኖና ጥቂት ዘይት ጨምሮ ይሞክር። ወይም ሰናፍጭ ብቻውን፤ እሱ ግን ስቡ ስለማይበቃ የቱናውን ዘይት ሳያጠልሉ ማስቀረት ነው።

አክስቴ ጎረሱ። ሰናፍጩ አፍንጫቸው ሲደርስ እንባቸው መጣ። ምንም አልተናገሩም፤ ሁለተኛውን ጎረሱ። ሦስተኛው ላይ ቀና ብለው፣ «ጤና አዳም የለውም» አሉ።

ይህ ቃል ለእኔ ከምስጋና ይበልጥብኛል። እህል እንቢ ያለው ሰው የጎደለውን አይጠይቅም። ጎረቤት ተልኮ ጤና አዳም መጣ፤ ሁለት ቅጠል ተቀነጠሰበት፤ እውነታቸውን ነው፣ የዓሣውን ሽታ ያዘለት። በማግስቱ ደግሞ ሽንኩርቱን ጨው አብዝተህበታል አሉኝ፤ በሦስተኛው ቀን ከምድጃው ገፍተውኝ ራሳቸው ለወሱት። ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን በልተው ስንት ቀን እንደተዉ አልቆጠርኩም፤ መቀነቱ ግን ባይመለስም መጨመሩን አቆመ።

ወሬው በመንደሩ መሰማቱ አልቀረም። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ቡና ሊጠጡ መጥተው ክርክር አነሡ፤ ዓሣ እኮ በጾምም ይበላል፣ ደም የለውም ይባላል አሉ። ይህ ክርክር የታወቀ ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ዓሣ ከጥሉላት ነው፣ በጾም አይበላም ብለው ያስተምራሉ፤ ከተሜው ደግሞ በጾም ወራት የዓሣ ቤቱን ደጅ ያጣብባል፤ የፍትሐ ነገሥቱን አንቀጽ 15 ሁለቱም ወገን ይጠቅሰዋል። በበኩሌ ለመዳኘት ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለኝም። ይሁን እንጂ ደም የለውም ለሚለው ወገን ቱና መጥፎ ምስክር ነው። ከብዙ ዓሦች ተለይቶ ሰውነቱን ከባሕሩ ውኃ በላይ ማሞቅ የሚችል ዓሣ ነው፤ የብዙው ዝርያ ጥሬ ሥጋም እንደ በሬ ሥጋ የቀላ ነው። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ሳቁ፤ አክስቴ ግን አልሳቁም። «ሰማህ? ሥጋ ነው» አሉ፣ ወደ ቆርቆሮው እያዩ።

ጰራቅሊጦስ አለፈና በማግስቱ ሰኞ ጾሙ ገባ። የንስሐ አባታቸው መጥተው፣ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፣ እስኪጠነክሩ ይብሉ አሏቸው። አክስቴ ጉልበታቸውን ስመው አመሰገኑና እንቢ አሉ። እኔም ለመንኳቸው፤ በእኔ ላይ ግን ፈገግ ብለው ዝም ነው ያሉት። በዚያ ሰሞን አዲስ ስልጆ አስጀመሩ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ውስጡ የተጠበሰውን ፉርኖ በስልጆና በሎሚ በታሸ ሽንኩርት ሞልተው ይበሉ ጀመር፤ ያለ ዓሣው። አንድ ሙሉ ዳቦ ሲጨርሱ አይቻለሁ።

የቀሩትን አራት ቆርቆሮዎች ጎንደር ለሚማረው ለጎረቤት ልጅ ሰጡት። ስልጆም በብርጭቆ ዕቃ ሞልተው፣ አፉን በላስቲክ አሰሩለትና እንዳይደፋበት ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ አስጠነቀቁት። «ዓሣውን ካጠለልክ በኋላ ነው፣ ሁለት ማንኪያ» አሉት። «እሳት እንዳታስነካው።»