ሰባቱ ከዋክብትና ተራው ባቡር

በጃፓን አገር ፍጥነት ብርቅ አይደለም። ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ ያለውን ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ፈጣኑ ባቡር በ2 ሰዓት ተኩል ይፈጽመዋል። በውድ የሚሸጠው ዝግታ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ የክዩሹን ደሴት የሚዞረው «ናናትሱቦሺ»፣ ማለት «ሰባት ከዋክብት»፣ 7 ፉርጎዎች ሲኖሩት የሚያሳፍረው ግን 20 ሰው ያህል ብቻ ነው። መኝታው የሆቴል ክፍል ይመስላል። ፈላጊው ስለሚበዛም ተሳፋሪው በዕጣ ይለያል።

ሆኖም ይህ ባቡር በዩፉይን በኩል የሚያልፍበት የኪውዳይ ሐዲድ የብቻው አይደለም። ተማሪውና ሠራተኛው የሚሳፈሩበት ተራ ባቡርም በዚያው ይሄዳል፤ የዩፉ ተራራም ከሁለቱም መስኮት ይታያል።

ኪስዎ ቢሳሳ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት የሚሸጥ «ሴይሹን 18» የተባለ ቲኬት አለ። ስሙ የወጣት ቢሆንም ዕድሜ አይጠይቅም። በ2024 መጨረሻ ዋጋው ለ5 ተከታታይ ቀን 12,050 የን ነበር፤ በተራ ባቡር ብቻ ያስኬዳል።

እንግዲህ ዕድሉ ቢገጥምዎ፣ ተራው ባቡር በተራራው መካከል በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍ የሰዓቱን ሰሌዳ አስቀድመው ይመልከቱ። ስንቅዎን ከጣቢያ ይግዙና በመስኮቱ አጠገብ ይቀመጡ። ባለጸጋው በዕጣ ያገኘውን ተራራ እርስዎም ያዩታል።