በደብተር ወረቀት የተማርነው የአክሲዮን ገበያ

ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። በዚህ ገበያ ያደገ ልጅ የጤፍንና የሩዝን፥ የሽንኩርትንም ዋጋ መውጣትና መውረድ ከፊደል ጋራ ይማረዋል። እህል በመከር ለምን እንደሚረክስ፥ በክረምት ለምን እንደሚወደድ ማንም ሳያስተምረው ይረዳዋል። ነገር ግን የማይሰፈርና የማይመዘን፥ በወረቀት ብቻ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ሲመጣ ያ ሁሉ ብልኃት ይጠፋበታል። እኛም በቤተ ክርስቲያን በድቁና፥ በዘመናዊው ትምህርት ቤትም በመምህርነት ያለፍን ስንሆን፥ በዚህ ነገር ካላዋቂዎቹ አንዱ ነበርን።

ላለማወቃችን ዋጋ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. የእኅታችን ልጅ ወደ ቤታችን መጥቶ፥ «ጋሼ፥ ገንዘብ ለሚያስገባ ሰው በየቀኑ ትርፍ የሚከፍል ነገር በስልክ መጥቷል፤ እንደ አክሲዮን ነው ይሉታል፤ ምን ይመክሩኛል?» ሲል ጠየቀን። «አናውቀውም» ማለት አፈርንና፥ «ዘመኑ ያመጣው ነው፤ ሞክረው» አልነው። ልጁም የእርሻ በሬውን ሸጦ አስገባ። ለጥቂት ሳምንታት ትርፍ የሚመስል ነገር ደረሰው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከፋዮቹም ገንዘቡም ጠፉ። በዚያ ክረምት በሬ ተከራይቶ ሲያርስ ባየነው ቁጥር ቃላችን ይወቅሰን ነበር።

በሚከተለው ዓመት ባለቤታችን ዕቁብ ደረሳት። ወሬው ሁሉ ስለ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ነበር። ሽያጩ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፥ ትንሹ ግዥ 33 አክሲዮን፥ ማለት 9,900 ብር ነበረ። «መምህር፥ እንግዛ ወይስ እንተው?» ብላ ጠየቀችን። በዚህ ጊዜ «አናውቀውምና እንማር» ለማለት በቃን። ሽያጩም የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው ነበር፤ እኛ ግን አልነበርንበትም። ባለቤታችን ጥቂት ቅር አላት፤ ሆኖም ታገሠችን።

አስቀድመን ከኅሊናችን ጋራ ተነጋገርን። አክሲዮን አራጣ ነውን? ባለአራጣ ተበዳሪው ቢከስርም ባይከስርም ወለዱን ይቀበላል። ባለአክሲዮን ግን የድርጅቱ ባለድርሻ ነው፤ ሲያተርፍ ይካፈላል፥ ሲከስርም አብሮ ይጎዳል። ይህ በሬና መሬት አዋጥተው በእኩል ከሚያርሱ ሰዎች ሽርክና አይርቅም። ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ፥ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር አክሲዮን ይሻሻጥ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ታላላቅ ድርጅቶች ሲወረሱ ቀረ። አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ሕግ ቆሞለት፥ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ።

ከዚህ በኋላ በዐቢይ ጾም ምሽቶች ከጸሎትና ከእራት በኋላ እንዲህ አደረግን። አንድ ወፍጮ ቤት በሐሳባችን አቆምንና ዋጋውን 2,000 ብር አልነው። ከደብተር ላይ 20 ቁራጭ ወረቀት ቀደድን፤ እያንዳንዱም የ100 ብር አክሲዮን ሆነ። ተጫዋቾቹ እኛ፥ ባለቤታችን፥ ወንድና ሴት ልጃችን፥ የእኅታችንም ልጅ፥ በጠቅላላው አምስት ነበርን። ለእያንዳንዳችን 1,000 የወረቀት ብር ተሰጠንና አራት አራት አክሲዮን ገዛን፤ በእጃችን 600 ብር ቀረን። ወፍጮው በየምሽቱ 200 ብር ያተርፋል፤ ግማሹ ለጥገና ይቀመጣል፥ ግማሹ ለአክሲዮኖቹ 5 ብር እየደረሰ ይከፈላል። ሴት ልጃችን ደግ ወሬና ክፉ ወሬ በወረቀት ጽፋ ትጠቀልልና በየምሽቱ አንዱ ዕጣ ይወጣል። እጅግ የከሰረ ሰው ሳምንት ሙሉ ከቦኖ ውኃ እንዲቀዳም ተስማማን።

በሦስተኛው ምሽት «ሁለተኛ ወፍጮ ሊገዛ ነው ተባለ» የሚል ዕጣ ወጣ። ወዲያውኑ አክሲዮኑ 150 ብር ገባ፤ በማግሥቱም 200 ብር ደረሰ። እኛ ከወንድ ልጃችን አንዱን በ150፥ ከባለቤታችን ሁለቱን በ200 ሒሳብ ገዛን። ልብ በሉ፤ ወፍጮው ከቀድሞው አንዲት ቁና አብልጦ አልፈጨም፤ የተጨመረው ወሬና ምኞት ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ «ሞተሩ ተቃጠለ፤ እስኪጠገን ትርፍ የለም» የሚል ዕጣ ወጣ። ሁሉም ሻጭ ሆነ፤ ገዥ ግን ጠፋ። አንድ አክሲዮን በ60 ብር ሲጠየቅ «በ200 ገዝተን በ60 አንሸጥም» ብለን በእልክ ተቀመጥን። በመጨረሻ ሰባቱንም በ40 ብር ሸጥን። የተካፈልነው ትርፍ ተጨምሮ እንኳ የ1,000 ብራችን ግማሽ አልሞላም።

የገዛችን ባለቤታችን ናት። «እንዴት ደፈርሽ?» ብንላት፥ «ሞተር ይጠገናል፤ የጥገናው ገንዘብም ተቀምጧል። በ200 ብር የተገዛውም በ40 ብር የተገዛውም የሚያገኘው 5 ብር ነው። እርስዎ ወሬውን ገዙ፤ እኔ ወፍጮውን ገዛሁ» አለችን። ሒሳብ የምናስተምር እኛ ነን፤ ሒሳቡን የሠራችው ግን እርስዋ ናት። ሳምንቱን ጀሪካን ተሸክመን ስንመላለስ ተማሪዎቻችን በመንገድ ያዩን ነበር።

ያም ውኃ መቅዳት አንድ ነገር አስተማረን። የወረቀት ገንዘብ አእምሮን ያስተምራል እንጂ ልብን አይፈትንም። በወረቀት ብር እንዲህ የታወርን፥ በልጆች ጉሮሮ ገንዘብ ምን እንሆን ነበር? ስለዚህ በወረቀት ያተረፈ ሰው «አሁን አዋቂ ሆንሁ» ብሎ ቢመካ ይሳሳታል። የጨዋታው ጥቅም የገዛ ራስን ድካም ያለ ጉዳት ማሳየቱ ነው። ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ማስተማሩም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይጠቅመናል።

ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች የምናካፍለው ምክር ጥቂት ነው። ጨዋታውን በቤታችሁ ሞክሩት። ቀጥሎም በገበያው የተመዘገበ አንድ ድርጅት መርጣችሁ፥ ገንዘብ ሳታወጡ ዋጋውንና የሚያወጣውን የሒሳብ መግለጫ ለጥቂት ወራት በደብተር ተከታተሉ። ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሲመጣ፥ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። በየቀኑ የተቈረጠ ትርፍ እሰጣለሁ የሚለውን አትመኑት፤ እውነተኛ ወፍጮ ሞተሩ የሚቃጠልበት ቀን አለውና። ለቀለብ፥ ለልጆች ትምህርትና ለሕመም የተቀመጠ ገንዘብም አክሲዮን አይገዛበት።

ባለቤታችን ዕቁቧን በዚሁ ሥርዓት ከፈለችው። አብዛኛው ለጤፍና ለትምህርት ሆነ፤ አሥረኛውን እጅ ለይታ በባንክ አስቀመጠችና የምትመርጠውን ድርጅት መግለጫ ከሴት ልጃችን ጋራ ታነባለች። እስካሁን አልገዛችም፤ እኛም አናስቸኩላትም።

ጨዋታው ባለቀበት ምሽት የእኅታችን ልጅ ቁራጮቹን ወረቀቶች ሰብስቦ ጥቂት ዝም አለና፥ «ጋሼ፥ ይህን አምና ተጫውተነው ቢሆን በሬዬ በቤቴ ነበር» አለ። ይህን ሲል የነቀፋ ድምፅ አልነበረበትም፤ ለእኛ ግን ከነቀፋ ይልቅ ከበደን። ተነሥተን በልጆቻችን ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። «ሞክረው» ከማለታችን በፊት «አናውቅም» ብንል ኖሮ አንድ በሬ ይተርፍ ነበርና። በሬውን ለመተካት ከደመወዛችን በየወሩ ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥ ጀምረናል፤ ይህን ዕዳችንን ለመፈጸም እግዚአብሔር ይርዳን።